ኢ-መስመራዊ የብርሃን ማይክሮስኮፒ ምንድን ነው?

ሕያው ሕዋስን በማይክሮስኮፕ የሚያጠና ሰው አንድ አስቸጋሪ ነገር ይገጥመዋል፤ ሕዋሱን የሚያሳየው ብርሃን ራሱ ሕዋሱን ይጎዳዋል። በተለመደው የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ (ሕዋሱ ውስጥ ያለ ቀለም ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራበት ማይክሮስኮፕ) ብርሃኑ ከሚፈለገው ንጣፍ በላይና በታች ያለውን ቀለም ሁሉ ስለሚያነቃቃ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀለሙም ቶሎ ይደክማል።

በዚህ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ምላሹም በእጥፍ ይጨምራል፤ ግንኙነቱ በግራፍ ቢሣል ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ኢ-መስመራዊ የሚባለው ይህ ሥርዓት የማይሠራበት ዘዴ ነው። አንድ ሞለኪውል ሁለት ፎቶኖችን (የብርሃን ቅንጣቶችን) በአንድ ቅጽበት ሲውጥ፣ የብርሃኑ መጠን እጥፍ በሆነ ጊዜ ምላሹ አራት እጥፍ ይሆናል። የፊዚክስ ሊቋ ማሪያ ጎፐርት-ማየር ይህን ክስተት እ.ኤ.አ. በ1931 በስሌት ተንብያለች፤ በሙከራ የታየው ግን ሌዘር ከተሠራ በኋላ፣ በ1961 ነው። በ1990 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለማይክሮስኮፕ አዋሉት።

ሁለት ፎቶኖች በአንድ ቦታ የሚገናኙት ብርሃኑ እጅግ በተጠጋጋበት፣ ማለትም ሌንሱ በሚያነጣጥርበት ጠባብ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ነጥብ ውጭ ያለው ቀለም ሳይነካ ይቀራል። ሌዘሩ ወደ 100 ፌምቶ ሰከንድ (አንዱ ፌምቶ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮን-ቢሊዮንኛ ክፍል ነው) በሚቆዩ ምቶች ስለሚያበራ በምቱ ቅጽበት ኃይሉ ከፍተኛ ቢሆንም አማካይ ኃይሉ አነስተኛ ነው። የሚጠቀምበት ለቀይ ብርሃን ቅርብ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድም በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ስለማይበተን ጠልቆ ለማየት ያስችላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ቀለም ጨርሶ የማይፈልገው ስልት፣ ሁለተኛ ሃርሞኒክ የሚባለው ነው። በዚህ ስልት 800 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ሳይዋጥ በትክክል ወደ 400 ናኖሜትር ይለወጣል። ይህ የሚሆነው ሞለኪውሎች ወደ አንድ አቅጣጫ በተሰለፉበት መዋቅር ውስጥ ነው፤ ኮላጅን (የቆዳና የጅማት ፕሮቲን)፣ የጡንቻ ፕሮቲን የሆነው ማዮሲንና ማይክሮቲዩቡሎች (በሕዋስ ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የፕሮቲን ቱቦዎች) ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ሕዋስ ሲከፈል ከሁለቱ ዋልታዎች የሚመጡት ማይክሮቲዩቡሎች መሃል ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጠላለፉ ምልክታቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ስለዚህ መሃሉ ጨለም ብሎ ይታያል። ጨለማው ራሱ ስለ አሰላለፋቸው ይናገራል።

የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት ወደ ሲሶ የሚያሳጥረው ሦስተኛ ሃርሞኒክ ደግሞ የስብ ጠብታዎችንና የንጣፎችን ድንበር ያሳያል።

ዘዴው ከጉዳት ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። በነጥቡ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም እንደ ምልክቱ ከብርሃኑ መጠን ጋር በፍጥነት ስለሚያድግ፣ ተመራማሪው ምስሉን ለማጥራት ሲል ኃይሉን ከመጨመሩ በፊት ሕዋሱ መከፋፈሉን መቀጠሉን መፈተሽ አለበት።