የፓተንትና የፈቃድ መዝገብ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ ስለ ሥራው አንድ መስመር ሳይጽፍ ያልፋል። የሕይወት ታሪካቸውን የሚያሳትሙት ጄኔራሎች፣ ሚኒስትሮችና ባለሀብቶች ናቸው። ልብስ ሰፊው፣ የባቡሩን ሞተር ዘይት የሚያጠጣው፣ የወረቀት ፋብሪካዋ ሠራተኛ ግን ከተገኙ የሚገኙት ለሌላ ጉዳይ ተብሎ በተጻፈ ወረቀት ውስጥ ነው። የፓተንት መዝገብና የሙያ ፈቃድ መዝገብ እንዲህ ካሉት ወረቀቶች መካከል ናቸው።

ፓተንት መንግሥት ለፈጠራ ሠራተኛ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጠው ብቸኛ መብት ነው። መብቱ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው ሳያስፈቅድ ያንን ነገር ሠርቶ መሸጥ አይችልም። ዛሬ በአብዛኛው አገር ማመልከቻው ከገባበት ቀን አንስቶ 20 ዓመት ይቆያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1624 ባወጣችው ሕግ ግን 14 ዓመት ነበር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ሙያ ለመማር አሠሪው ዘንድ 7 ዓመት ይቀመጥ ነበር። 14 ዓመት ሁለት ዙር ተለማማጅ ለማሠልጠን ይበቃል ማለት ነው።

መብቱ በነፃ አይገኝም። ፈልሳፊው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የሙያው ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ በጽሑፍና በሥዕል ይዘረዝራል። ምስጢሩን ለሕዝብ ሰጥቶ በምትኩ ጊዜ ይቀበላል። ስለዚህ ነው መዝገቡ ለማንም ክፍት የሆነው። የፈቃድ መዝገብም ክፍት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ሐኪም፣ አብራሪ ወይም መሐንዲስ ሆኖ እንዲሠራ መቼ እንደተፈቀደለት ይይዛል። ታካሚው ቢላዋ የያዘው ሰው በእርግጥ ሐኪም መሆኑን ማወቅ አለበትና።

ሁለቱም የሰው ሕይወት ለመተረክ አልተዘጋጁም። እኔ የምወዳቸውም ለዚህ ነው። እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ራሱን ለታሪክ ሊያሳምር አልጻፈም። ቀኑን፣ ስሙን፣ ከተማውንና የሠራውን ነገር አስፍሮ ሄደ።

አንድ ገጽ ቀረብ ብለን እንይ። በ1849 የተሰጠው የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 6469 ባለቤት በኢሊኖይ የስፕሪንግፊልድ ነዋሪ የሆነ ጠበቃ ነው። ፈጠራው ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የተቀረቀረ ጀልባን ከፍ የሚያደርጉ፣ አየር የሚሞሉ ከረጢቶች ናቸው። ጠበቃ ስለ ጀልባ ምን አገባው? ሰውየው አብርሃም ሊንከን ነው። ጠበቃም ፕሬዝዳንትም ከመሆኑ በፊት በወንዝ ላይ ጭነት የሚያመላልስ የጉልበት ሠራተኛ ነበር። በ1831 የሚሠራበት ጀልባ ኒው ሴለም ከተባለች መንደር አጠገብ የወፍጮ ግድብ ላይ ተቀርቅሮ ነበር። ፓተንቱ የወጣትነት ሥራውን ከ18 ዓመት በኋላ ይዞት ብቅ አለ።

የኤላይጃ ማኮይም እንዲሁ ነው። ስኮትላንድ ሄዶ የሜካኒክ ምሕንድስና ተማረ። አሜሪካ ሲመለስ ግን ጥቁር ስለሆነ በሙያው የሚቀጥረው አጣ። ባቡር ላይ ከሰል እየማገደ ሞተሩን ዘይት እንዲያጠጣ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ዘይት ለማጠጣት ባቡሩ በየጊዜው መቆም ነበረበት። በ1872 ማኮይ ሞተሩ ሳይቆም ዘይቱን በራሱ የሚያንጠባጥብ ዕቃ ፓተንት አወጣ። ፈጠራው በቀጥታ የመጣው እጁን ካቆሸሸው ሥራ ነው። ብዙ የድሮ ፓተንቶችን ያነበበ ሰው ይህንን ደጋግሞ ያየዋል። ሠራተኛው የሚፈጥረው ወገቡን ለሚቆርጠው፣ ጊዜውን ለሚበላው፣ ጣቱን ለሚያሰጋው ነገር መላ ነው።

የማኮይ ፓተንት ላይ ግን ጥቁር መሆኑ አልተጻፈም። መዝገቡ ዘር አይጠይቅም። በዚህ የተነሳ በ1900 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጥቁር ፈልሳፊዎችን ስም ዝርዝር ለማዘጋጀት ሲፈለግ፣ የአሜሪካ ፓተንት መሥሪያ ቤት ከራሱ መዝገብ ሊያወጣው አልቻለም። እዚያው ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቤከር መረጃውን ያሰባሰበው ለፓተንት ጠበቆችና ለሌሎች ሰዎች በተጻፈ ደብዳቤ አማካይነት ነው። በየቦታው በሰዎች ትውስታ ብቻ የነበረውን ስም ለቅሞ ከፓተንት ቁጥሩ ጋር አገናኘው። እኔ ይህን ሥራ ከብዙ ፈጠራዎች አስበልጬ ነው የማየው።

በፓተንት ገጽ ላይ ቅድሚያ ማየት ያለብን ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የፈልሳፊው ስም ነው፣ ሌላው የባለመብቱ። ሁለቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬ ግን ብዙውን ጊዜ ፈልሳፊው ተቀጣሪ ነው፣ ባለመብቱ ድርጅት። ገና ሲቀጠር በፈረመው ውል የሚፈጥረው ነገር የአሠሪው እንዲሆን ተስማምቷል። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ክፍተት ስለ ሥራ ሕይወት ብዙ ይናገራል። ማን እንደለፋና ማን እንደሚበላ ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያል።

ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ በሚባል ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ደማቅ ኤልኢዲ ሠራ። ዛሬ ቤት የምናበራበት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ያለዚያ አይታሰብም። ኩባንያው የሰጠው ጉርሻ 20,000 የን ነበር። ለምስጋና ያህል። ናካሙራ ከኩባንያው ከወጣ በኋላ በ2001 ከሰሰ። የቶኪዮ ፍርድ ቤት በ2004 ኩባንያው 20 ቢሊዮን የን እንዲከፍለው ወሰነ። ይግባኝ ተብሎ በ2005 ወደ 840 ሚሊዮን የን ገደማ ተስማሙ። በ2014 ደግሞ ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የፓተንቱን ገጽ ብቻ ያየ ሰው ይህን ሁሉ ሙግት አያገኝም። ሙግቱ ከየት እንደተነሳ ግን ያያል።

ማርጋሬት ናይት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው የገጠማት። ገና በልጅነቷ የጥጥ ፋብሪካ የገባች ሴት ናት። በኋላ የወረቀት ከረጢት ፋብሪካ ተቀጠረች። ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሲያስቀምጡት የሚቆም ከረጢት ያኔ በእጅ ነበር የሚሠራው። እሷ የሚያጥፍና የሚያጣብቅ ማሽን ሠራች። የብረቱን ሞዴል ወርክሾፕ አሠርታ ሳትጨርስ፣ እዚያ ማሽኑን ያየ ቻርልስ አናን የተባለ ሰው ቀድሟት በራሱ ስም አመለከተ። ዓይን ያወጣ ስርቆት ነው። ዝም አላለችም። ንድፎቿንና ምስክሮቿን ይዛ ተከራከረች፣ ረታችውም። ፓተንቱ በ1871 በስሟ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲነሳ ሰው ሁሉ መቼ ምን እንደሠራ፣ ማን እንዳየው በምስክር ያረጋግጣል። ስለዚህ ከፓተንቱ ገጽ ይልቅ የክርክሩ ፋይል ስለ ሥራ ቦታው የበለጠ ያወራል። የሚገኝ ከሆነ እሱን ፈልጉት።

መዝገቡ ውስጥ ጭራሽ መግባት ያልቻሉም አሉ። በ1850ዎቹ በሚሲሲፒ ኔድ የሚባል በባርነት የተያዘ መካኒክ ለጥጥ እርሻ የሚሆን መሣሪያ ፈጠረ። ጌታው ኦስካር ስቱዋርት ፓተንቱ ለእኔ ይሰጠኝ ብሎ አመለከተ። ባሪያው የእኔ ከሆነ የአእምሮው ፍሬም የእኔ ነው የሚል ነበር ክርክሩ። በ1858 የአሜሪካ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ለጌታውም ለባሪያውም አይሰጥም አለ። አመልካቹ ፈልሳፊው እኔ ነኝ ብሎ መማል አለበት። ጌታው ፈልሳፊ አይደለም፣ ኔድ ደግሞ በሕጉ ፊት ዜጋ አይደለም። ስንት ፈጠራ በዚህ መንገድ እንደቀረ የፓተንት ቁጥር ቆጥሮ ማወቅ አይቻልም።

ስምም ያሳስታል። በ1942 የወጣ አንድ ፓተንት የሬዲዮ መልእክት የሞገዱን ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) እየቀያየረ እንዳይታፈን የሚያደርግ ዘዴ ይገልጻል። ከሁለቱ ፈልሳፊዎች አንዷ ሄዲ ኪስለር ማርኪ ትባላለች። የፊልም ተዋናይቷ ሄዲ ላማር ናት፣ ማመልከቻው ሲገባ ባሏ በነበረው ሰው ስም። በመድረክ ስሟ የሚፈልግ አያገኛትም። ሴት ፈልሳፊዎችን ለማግኘት የአባትንም የባልንም ስም መሞከር ግድ ነው።

የፈቃድ መዝገብ ስለ ሥራ ሕይወት የሚናገረው በሌላ መንገድ ነው፤ በሩ መቼ እንደተከፈተና እንደተዘጋ ያሳያል። የብሪታንያ የሐኪሞች መዝገብ በ1858 ሕግ ተቋቋመ። ኤልዛቤት ብላክዌል በ1859 መጀመሪያ ላይ በሴት የመጀመሪያዋ ሆና ተመዘገበች፣ አሜሪካ ተምራ የመጣች ናት። ቀጥላ ኤልዛቤት ጋሬት በ1865 ከመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር በሐኪምነት ለመመዝገብ የሚያበቃ ፈቃድ አገኘች። የማኅበሩ ደንብ ሴትን በግልጽ አይከለክልም ነበር። እሷ ካለፈች በኋላ ማኅበሩ ደንቡን ቀየረና መንገዱን ዘጋ። ከዚያ እስከ 1877 በመዝገቡ ላይ ሌላ ሴት አትታይም። ያ ባዶ ቦታ ሴቶች ሕክምና ስላልፈለጉ አይደለም። በሩ ተቆልፎባቸው ነው። የፈቃድ መዝገብ ስናይ አንድ ወገን ድንገት ሲጠፋ፣ በዚያ ዓመት ደንቡ ላይ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ አለብን።

ፈቃድ ላይ የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ማለትም አይደለም። ቤሲ ኮልማን ቺካጎ ውስጥ የጥፍር ሠራተኛ ነበረች። አሜሪካ የሚያስተምራት የበረራ ትምህርት ቤት ስታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ሄደች። በሰኔ 1921 የአብራሪነት ፈቃዷን አገኘች። ፈቃዱ ላይ የልደት ዓመቷ 1896 ይላል። የተወለደችው ግን በ1892 ነው። መዝገቡ የሚይዘው ሰው የነገረውን ነው።

አንዳንዴ ደግሞ መዝገቡ ራሱ ይጠፋል። በታኅሣሥ 1836 የአሜሪካ ፓተንት መሥሪያ ቤት ተቃጠለ። ወደ 10,000 የሚጠጉ ፓተንቶች ነደዱ፣ ቅጂያቸው ተገኝቶ የተተኩት ጥቂቶቹ ናቸው። በ1821 ልብስ ሳያበላሹ የማጽዳት ዘዴ ፓተንት ያወጣው የኒው ዮርኩ ልብስ ሰፊ ቶማስ ጄኒንግስ ጽሑፉ አብሮ ተቃጥሏል። ፓተንት በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ መሆኑ ይታወቃል። ዘዴው በዝርዝር ምን እንደነበር ግን የሚያሳይ ገጽ የለም።

በሕይወት ያለ ሰው መዝገብ ላይ ሲሆን ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንዳንድ አገር የሬዲዮ ኦፕሬተር ወይም የአብራሪ ፈቃድ መዝገብ የቤት አድራሻ ሳይቀር ያሳያል። ክፍት መሆኑ ባለቤቱ በየቦታው እንዲሰራጭለት ፈልጓል ማለት አይደለም። የፈቃድ ቀን ተቋርጦ ቢታይም ወዲያው ተባረረ ማለት ልክ አይደለም። ወልዳ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል፣ አገር ቀይሮ ይሆናል፣ ወይም የእድሳት ክፍያው ከብዶት። ፓተንትም እንደዚሁ በየጊዜው የሚከፈልበት ክፍያ ካልተከፈለ 20 ዓመቱ ሳይሞላ ይወድቃል። መዝገቡ ላይ የሚቀረው የወደቀበት ቀን ብቻ ነው፤ ገንዘብ አጥቶ ይሁን ፈጠራው ገበያ አጥቶ፣ ሰውየውን ወይም ቤተሰቡን ጠይቆ ካልሆነ ማወቅ አይቻልም።