የፒክአፕ ኦም ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወዳለችው መጠገኛ ክፍሌ አንድ የሠርግ ጊታር ተጫዋች ስለ ፒክአፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ጊታርን ክር ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ዕቃ፣ ሊያማክረኝ መጣ። «ጋሼ፣ 12 ኪሎ ኦም ፒክአፕ ገዝቼ አስገጠምኩ፤ ድምፁ ግን ታፈነብኝ፣ ወፍራሟ ክርም አልቃኝ አለች» አለኝ። የድሮው 6 ኪሎ ኦም ስለነበረ፣ አዲሱ «እጥፍ ጉልበት አለው» ተብሎ ነው የተሸጠለት። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ወጣቶች በስንት ሠርግ ያጠራቀሙትን ገንዘብ የሚያፈሱበት ስለሆነም ያናድደኛል።

ኦም ሽቦ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ እንጂ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች ጊዜ የተጠመጠመ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። 6 ኪሎ ኦም የሚያሳየው ሽቦ ቢተረተር ከ1 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኦም የምንለካበት ቴስተር የሚነግራችሁ የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት ብቻ ነው፤ ያንንም ደባልቆ። (ክሩ ብረት መሆን አለበት። ናይለን ለታሰረበት ክራር ወይም የፈረስ ጭራ ለታሰረበት ማሲንቆ ግጠምልኝ የምትሉኝ፣ ማግኔቱ የሚይዘው ነገር የለም።)

የሐረር ሴቶች ሰፍተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉትን ስፌት አስቡ። አንድ ገዢ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «ይህ ስለከበደ ይበልጣል» ቢል ማን ይሰማዋል? ሚዛኑ የገባውን ሣር እንጂ አጠባበቁን፣ ቀለሙን፣ የሰፊዋን እጅ አያይም። ፒክአፕም እንዲሁ ነው፤ ማግኔቱ አልኒኮ ይሁን ሴራሚክ ቴስተር አያውቅም። ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ግን ይገለበጣል፦ ስፌት በቀጭን ሣር ሲሰፋ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሽቦ ሲቀጥን ኦሙ ይጨምራል። አንድም ዙር ሳይጨመር፣ በአንድ ደረጃ የቀጠነ ሽቦ ብቻ ቁጥሩን በሩብ ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ዙር ሲበዛ የሚወጣው ቮልቴጅ እንደሚጨምር አልክድም። ነገር ግን ዙሩ በበዛ መጠን ቀጭኑ ድምፅ ይሞታል። ልጁ «ታፈነብኝ» ያለው ይህንን ነው። ድምፅ ማጉላት የአምፕሊፋየር ሥራ ነው፤ ፒክአፑ የገደለውን ቀጭን ድምፅ ግን አምፕሊፋየር አያስነሳውም።

ስለ 6.0 እና 6.3 ልዩነት ረጅም ትንታኔ የሰጠ ሰውም ሰምቻለሁ። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው በአንድ ዲግሪ ወደ 0.4 በመቶ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 6 ኪሎ ኦም ያሳየ ፒክአፕ በ35 ዲግሪ 6.35 ገደማ ያሳያል። እኔ ዘንድ በቀትር የለካችሁትን ይዛችሁ የደንገጎን ዳገት ውጡና ሐረር ላይ ማታ ለኩት፤ ቁጥሩ ይወርዳል። ጆሯችሁ ግን ያው ፒክአፕ ነው ይላችኋል።

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ካቻቪቴ አንሡ። የልጁን ጊታር ሳየው ፒክአፑ ከክሩ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ነበር፤ «ሲቀርብ ይጠነክራል» ተብሎ። እንዲህ ዓይነት ፒክአፕ ላይ ከየክሩ ሥር የቆሙት ትንንሽ ምሰሶዎች ራሳቸው ማግኔት በመሆናቸው ክሩን ይጎትቱታል። ወፍራሟን ክር አሥራ ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለችው የብረት መስመር) ላይ ይዤ ስመታት ሁለት የተጣሉ ድምፆች አብረው ይወጡ ነበር። ከመቃኛው ጋር ስንት ቀን ሲታገል ከርሟል! የመጨረሻውን ፍሬት ተጭኜ በወፍራሙ በኩል ወደ 2.4፣ በቀጭኑ በኩል ወደ 2 ሚሊ ሜትር እስኪርቅ ብሎኖቹን ሩብ ሩብ ዙር እየሰጠሁ አወረድኩት። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ እየመቱ፣ እያደመጡ ነው።

ክሯ ተቃኘች፣ ድምፁም ረዘም ብሎ መቆየት ጀመረ። መታፈኑ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም፤ ከጥምጥሙ የመጣ ነውና ብሎን አያስተካክለውም። የድሮው 6 ኪሎ ኦም ቤቱ ተቀምጧል። ለሐሙስ ይዞት እንዲመጣ ተቀጣጥረናል።