ወደ ሃናካፒአይ ፏፏቴ፦ የሚወራውና እውነታው

ካዋይ ከሃዋይ ዋና ዋና ደሴቶች በዕድሜ ትልቋ ናት። በሰሜን ዳርቻዋ ባሕሩን ተከትሎ ሄዶ ወደ ሸለቆ የሚገባ የእግር መንገድ አለ። የሚያደርሰው ሃናካፒአይ ከሚባል፣ 90 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ፏፏቴ ነው። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ከፍታውን በእጥፍ ያስበው። ስፋቱን ግን ይርሳው፤ ገደል ላይ እንደተሰጣ ነጠላ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ውሃ ነው። ስለ መንገዱ የሚወራው ግን ብዙ ነው።

«6 ኪሎ ሜትር ተኩል ምን አላት?»

መመለሻ አላት። ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እስከ ባሕር ዳርቻው ድረስ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከዚያ ወዲያ ጭቃ፣ የዛፍ ሥር፣ የሚያዳልጥ ድንጋይ፤ ጅረቱንም ደጋግሞ መሻገር አለ። ብዙ ሰው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። «እኔ እንጦጦን የለመድኩ ነኝ» ማለትም ብዙ አያዋጣም። እንጦጦ ላይ የሚያስቸግረው ትንፋሽ ነው፤ እዚህ ወበቁ ነው። ነጭ ስኒከር ለብሶ የሚሄድ ደግሞ ቀዩ ጭቃ ቀለሙን ቀይሮ ይመልስለታል።

«ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጎርፍ ከየት ይመጣል?»

ከላይ። አደገኛው ግምት ይሄ ነው። ከደሴቲቱ መሃል ያለው የዋያሌአሌ ተራራ በዓለም ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ በዓመት ከ9 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ። ከታች ፀሐይ እየሞቅክ ከላይ ሊዘንብ ይችላል። ሸለቆው ጠባብ፣ ገደሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ ውሃው የሚሰርግበት ጊዜ የለውም። ጠዋት ድንጋይ እየረገጥክ የተሻገርከው ጅረት ከሰዓት በኋላ ደፍርሶ አላሻግር ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጅረቱ ሞልቶ ከ100 በላይ ሰዎች ከወዲያ ማዶ ቀርተው ነበር፤ በነፍስ አድን ሠራተኞች ነው የወጡት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ዋይፓ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,262 ሚሊ ሜትር ዘነበ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው! መንገዱ ከዓመት በላይ ተዘጋ።

«ገመድ ይዤ እሻገራለሁ» የሚልም አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ጉልበት የደረሰ ፈጣን ውሃ ጎልማሳን ይጥላል። ደግነቱ እንዲህ ያለ አጭር ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ ሁሉ ዝናቡ ካባራ ቶሎ ይጎድላል። መፍትሔው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እራት ቢያልፍ ይለፍ።

«የተራራ ውሃ ንጹሕ ነው»

ብርጭቆ ቢመስልም አይጠጣም። አይጥና የዱር አሳማ በሽንታቸው የሚያሰራጩት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ። በቁስልና በዓይን በኩልም ይገባል፤ የተጫረ እግር ይዞ መዋኘትም አይመከርም። የሚጠጣውን ከቤት ይዞ መሄድ ነው።

«እዚህ ድረስ መጥቼማ ከፏፏቴው ሥር ሳልቆም አልመለስም»

ለፎቶ ያምራል። ግን ውሃው ብቻ አይደለም የሚወርደው። በኦዋሁ ደሴት ሴክረድ ፎልስ የሚባል ፏፏቴ ነበረ፤ «ነበረ» ያልኩት ለጎብኚ ስለተዘጋ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1999፣ በእናቶች ቀን፣ ከገደሉ የተናደ ድንጋይ ሥሩ የነበሩ 8 ሰዎችን ገደለ። እኔ ብሆን ራቅ ብዬ ቁጭ እላለሁ፤ ከርቀት እንዲያውም ሙሉው ይታያል።

«ስመለስ ባሕሩ ውስጥ እታጠባለሁ»

ሃናካፒአይ ባሕር ዳርቻ ሕይወት አድን ጠባቂ የለውም። ማዕበሉን የሚሰብር ሪፍም (ከውሃ በታች ያለ የኮራል አለት) የለም፤ ወደ ውስጥ የሚጎትተው ሞገድ ብዙ ሰው ወስዷል። በክረምታቸው አሸዋው ራሱ ተጠርጎ ይሄዳል።

«ጠዋት ተነስቶ ከች ማለት ነው»

ድሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ መንገዱ ወደሚነሳበት ሃኤና ፓርክ የሚገባው በቀን 900 ጎብኚ ብቻ ነው። የሃዋይ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የመኪና ማቆሚያውን፣ የአውቶቡሱን ወይም የእግረኛ መግቢያውን ቦታ አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ አለበት። ምዝገባው ከ30 ቀን በፊት ይከፈታል፤ የመኪናው ደግሞ ወዲያው ያልቃል።