ግዙፍ ኢንቲጀሮች በጃቫስክሪፕትና በስማርት ኮንትራት መካከል

የጃቫስክሪፕት መደበኛ ቁጥር 64 ቢት የሚይዝ ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ነው። ለአሃዞቹ ያለው ትክክለኛነት ግን 53 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ ቁጥሮች ሳይዛቡ የሚቀመጡት እስከ 9007199254740991 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ 9007199254740993 ብለን ብንጽፍ 9007199254740992 ሆኖ ቁጭ ይላል። የስህተት መልእክት አይመጣም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ስማርት ኮንትራት የሚባሉት ፕሮግራሞች በሚሠሩበት ብሎክቼይን፣ በኢቲሪየም በኩል የተለመደው የቁጥር ዓይነት ዩኢንት256 (ኔጋቲቭ የማይሆን የ256 ቢት ሙሉ ቁጥር) ነው። ትልቁ ዋጋው 78 አሃዝ አለው። 256 ቢት የተመረጠው ኬቻክ-256 ሃሽና ኤሊፕቲክ ከርቭ ለሚባሉት የክሪፕቶግራፊ ስሌቶች እንዲመች ነው ይባላል። ኮንትራቶች ነጥብ ያለው ቁጥር ስለማያስተናግዱ ገንዘቡ በትንሿ አሃድ፣ በዌይ ይቆጠራል። አንድ ኢተር (የኢቲሪየም ገንዘብ) ማለት 1 እና 18 ዜሮ ዌይ ነው። በመሆኑም 0.01 ኢተር እንኳ ወደ ዌይ ሲቀየር የጃቫስክሪፕትን አስተማማኝ ወሰን ያልፋል።

ቋንቋው ራሱ መፍትሔ ከማምጣቱ በፊት ክፍተቱን የሞሉት የክፍት ምንጭ ላይብረሪዎች ናቸው፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። ጃቫስክሪፕትን ከኢቲሪየም ጋር የሚያገናኘው የዌብ3 ጄኤስ ላይብረሪ የመጀመሪያ ስሪቶች ቢግነምበር ጄኤስ የሚባል የግዙፍ ቁጥር ላይብረሪ ይጠቀሙ ነበር። እሱ ነጥብ ያለውንም ቁጥር ያስተናግዳል። በዌብ3 ጄኤስ 1.0 ላይ ቦታው ለሌላ ላይብረሪ፣ ለቢኤን ጄኤስ ተለቀቀ። ቢኤን ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለክሪፕቶግራፊ ስሌትም በሰፊው አገልግሏል። ከወሰኑ ያለፈ ተራ ቁጥር ሲሰጡት በዝምታ አይቀበልም፣ ስህተት ይወረውራል። ይህ ጥብቅነቱ ብዙ ሰው አማሮ ነበር፤ ግን ትክክል ነበር። በዚያው ስሪት የኮንትራት ጥሪ ዩኢንት256 ሲመልስ ውጤቱ በስትሪንግ (በጽሑፍ መልክ) ይመጣል። ሁለት ውጤቶችን በመደመር ምልክት ያገናኘ ሰው ድምር ሳይሆን የተቀጣጠለ ጽሑፍ ያገኛል። ሌላው የኢቲሪየም ላይብረሪ ኢተርስ ደግሞ እስከ 5ኛው ስሪት በቢኤን ላይ የተሠራ የራሱ ቢግነምበር ነበረው። ስሙ ከቢግነምበር ጄኤስ ጋር አንድ ቢሆንም ነጥብ ያለው ቁጥር አይቀበልም፤ ዛሬም በቆየ ኮድ ውስጥ ሁለቱ ይምታታሉ።

የጃቫስክሪፕት የራሱ የግዙፍ ሙሉ ቁጥር ዓይነት የሆነው ቢግኢንት እ.ኤ.አ. በ2018 በክሮም ተጀመረ፤ በ2020 የቋንቋው ስታንዳርድ አካል ሆነ። በ2023 ኢተርስ 6 እና ዌብ3 ጄኤስ 4 ወደ እሱ ተሻገሩ። ቪየም የሚባለው ላይብረሪ ከጅምሩ በእሱ ነው የተሠራው።

ቢግኢንት መጣ ማለት ግን ጣጣው አለቀ ማለት አይደለም። ዋናው ነገር ቁጥሩ ቢግኢንት እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ ነው። 1.1ን በ1 እና 18 ዜሮ አባዝተን ውጤቱን ወደ ቢግኢንት ብንቀይር የምናገኘው 1100000000000000128 ነው። እነዚያ 128 ዌይ የገቡት ከማባዛቱ ነው፤ ቢግኢንት የተበላሸውን በታማኝነት ይቀበላል እንጂ አያርምም። ተጠቃሚው የጻፈው መጠን ስትሪንግ እንደሆነ ወደ ትንሿ አሃድ ወደሚቀይረው የላይብረሪ ፈንክሽን፣ ወደ ፓርስዩኒትስ መግባት አለበት። ለማሳየት ሲፈለግ ፎርማትዩኒትስ ይመልሰዋል። የነጥቡ ቦታም በግምት አይሞላም፤ ዩኤስዲሲ የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በኢቲሪየም ላይ ከነጥብ በኋላ 6 አሃዝ እንጂ 18 አይጠቀምም።

ቢግኢንት ከተራ ቁጥር ጋር አይደመርም፣ አይባዛም፤ ታይፕኤረር የሚባል ስህተት ይመጣል። ሲካፈል ቀሪውን ይጥላል። ስለዚህ የመቶኛ ስሌት ላይ መጀመሪያ ማባዛት፣ ከዚያ ማካፈል ነው። መረጃ የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ ጄሰንም በራሱ አይቀበለውም። አንዳንዶች የቢግኢንትን ፕሮቶታይፕ (ሁሉም ቢግኢንቶች የሚጋሩትን መሠረት) ነካክተው ቱጄሰን የሚባል ፈንክሽን ይጨምሩበታል። ይሠራል፤ ሆኖም የሌሎችን ላይብረሪዎች ባህሪ ስለሚቀይር በየቦታው ወደ ስትሪንግ መለወጥ ይሻላል። ተቀባዩ ወገንም ስትሪንጉን በተራ ቁጥር ከከፈተው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቢግኢንት ራሱ የ256 ቢት ጣሪያ የለውም። ጣሪያውን የሚያስከብረው ላይብረሪው ነው፤ ያለፈ ወይም ኔጋቲቭ የሆነ ዋጋ ለዩኢንት256 ሲሰጠው ግብይቱን ሳይልክ ይመልሳል። የኮንትራት መጻፊያ ቋንቋው ሶሊዲቲ ከ0.8 ስሪት ጀምሮ በኮንትራቱ ውስጥ የሚደረግ ስሌት ከጣሪያው ሲያልፍ ግብይቱን ይሰርዛል። አንቼክድ በሚል ብሎክ ውስጥ ያለ ስሌት ግን ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። ያንን በጃቫስክሪፕት በኩል ለመድገም አዝዩኢንትኤን የሚባለው የቢግኢንት ፈንክሽን ከ256 ጋር ይጠራል።