ሌሊት መንገድ ሲቆፈር፦ በሲያትል የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከመስኮታችሁ ስር አስፋልት የሚቆርጥ ማሽን ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ይህን ማን ፈቀደላቸው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ከሚወራው የተለየ ነው። በሲያትልና በዙሪያዋ ከምንኖር አበሾች ብዙዎቻችን ቤታችን አውቶቡስ የሚያልፍበት ትልቅ ጎዳና ዳር ነው። የውሃው፣ የፍሳሹ፣ የመብራቱና የጋዙ መስመርም የሚቀበረው እዚያው ጎዳና ስር ነው። ስለዚህ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። ሰዓት የምጠቅሰው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ስል በአሜሪካው 10 ሰዓት ማለቴ ነው።

«ሌሊት መቆፈር ክልክል ነው፤ ፖሊስ ጠርቶ ማስቆም ይቻላል»

ክልክል የሆነው ሥራው አይደለም። የተገደበው ድምፁ ነው። የዋሽንግተን ስቴት ደንብ የግንባታ ድምፅን ቀን ላይ ከገደብ ነፃ ያደርገዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ግን ድምፁ መኖሪያ ቤት ላይ የሚደርስ ከሆነ ይህ ነፃነት ይነሳል። ከመኖሪያ አካባቢ ተነስቶ መኖሪያ አካባቢ ላይ ለሚደርስ ድምፅ የቀኑ ገደብ 55 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ነው፤ ሌሊት 10 ተቀንሶለት 45 ይሆናል። ሲያትል በራሷ ሕግ ቅዳሜና እሁድ የሌሊቱን ገደብ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ታራዝመዋለች።

ከዚያ በላይ ድምፅ ማሰማት የፈለገ ሁሉ «ኖይዝ ቫሪያንስ» የሚባለውን ልዩ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃዱን የሚሰጠው ኤስዲሲአይ ተብሎ የሚጠራው የከተማው የግንባታ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው። መንገዱን ለመቁረጥና መስመር ለመዝጋት የሚያስፈልገው ደግሞ ሌላ ፈቃድ ነው፤ እሱ የሚገኘው ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከኤስዶት ነው። ኮንትራክተሩ የመንገዱን ይዞ የድምፁን ላያወጣ ይችላል። «ፈቃድ አለን» ሲሏችሁ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ፖሊስ ቢመጣ እንኳ የድምፅ ፈቃዱን ሁኔታ መርምሮ የመወሰን ሥራው የኤስዲሲአይ ነው። 911 መደወል ደግሞ ጨርሶ ቦታው አይደለም።

«ፈቃዱን ካገኙ በኋላ ያሻቸውን ማድረግ ይችላሉ»

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነጥብ ስል ነው። ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ከነግዴታው ነው። ግዴታዎቹ በጽሑፍ የሰፈሩ ናቸው፤ ጎረቤትም መጠየቅ ይችላል።

በእንዲህ ያለ ፈቃድ ላይ ብዙ ጊዜ ምን እንደሚጻፍ ልንገራችሁ። አስፋልት የሚሰባብረውን ጃክሃመርና አስፋልት መቁረጫን የመሰለ ከባድ ድምፅ ያለው ሥራ ምሽቱ ሳይገፋ እንዲያልቅ፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧ መቀበርና አፈር መመለስን የመሰለ ቀለል ያለው ሥራ እንዲቀጥል። ጄኔሬተሩ ከመስኮት ርቆ እንዲቆም፣ ወይም ዙሪያውን ድምፅ በሚውጥ ከባድ መጋረጃ እንዲከለል። የገልባጭ መኪና በር እየተላተመ እንዳይዘጋ። ሥራ የሌለው ሞተር እንዲጠፋ። ችግር ሲኖር ሌሊቱን ሙሉ የሚያነሳ ሰው ያለበት ስልክ ለነዋሪው እንዲሰጥ።

አንዱን ለይቼ ላንሳ። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማው «ቢፕ፣ ቢፕ» እንቅልፍ በመንሳት ከሞተሩ ይብሳል። አንድ ቀጭን ቃና ደጋግሞ ስለሚመታ ጆሮ ሊለምደው አይችልም። በሲያትል የሌሊት ፈቃዶች ላይ በእሱ ፋንታ «ሽሽሽ» የሚል፣ ቃናው የተበታተነ ማስጠንቀቂያ እንዲገጠም ማዘዝ የተለመደ ነው። ይህኛው ከማሽኑ ጀርባ ላለ ሠራተኛ በደንብ ይሰማዋል፤ ራቅ ሲል ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ሌሊት ቢፕ ቢፕ ከሰማችሁ ፈቃዱ ላይ ስለ ማስጠንቀቂያ ድምፅ ምን እንደተጻፈ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግዴታው ተጽፎ ካልተከበረ አቤቱታችሁ «ተረበሽኩ» ከማለት አልፎ ጥሰትን ያመለክታል። መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን የሚያያቸው በተለያየ ዓይን ነው።

ሌላው ብረቱ ነው። ሠራተኛው ጉድጓዱን በብረት ሳህን ሸፍኖ ይሄዳል። ከዚያ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር «ኳ!» ይላል። ሳህኑ በደንብ ስላልተያዘ እንጂ የግድ መጮህ ስላለበት አይደለም። በምስማር ወይም በአስፋልት ዙሪያውን ካሰሩት ዝም ይላል። ይህን ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ስለዚህ በዝምታ አትለፉት።

የፈቃዱ ዓይነትም ይለያያል። ለአጭር ሥራ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ እስከ 14 ቀን የሚቆይ ነው። የአላስካን ዌይ ቪያዳክትን አፍርሶ በዋሻ እንደመተካት ላለ ለዓመታት የሚዘልቅ ትልቅ የሕዝብ ፕሮጀክት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ አለ። እሱ የድምፅ ቅነሳ ዕቅድ ማቅረብን፣ ለሕዝብ ማስታወቅንና የሕዝብ ስብሰባን ይጠይቃል። በትልልቅ ሥራዎች የጆሮ መድፈኛ ከማደል አልፎ የሆቴል ክፍል እስከ መክፈል የሚደረስበት ጊዜ አለ። ያላነሳው ሰው ግን አያገኘውም።

«ገደቡ 45 ከሆነና ማሽኑ 85 ከሆነ፣ እጥፍ እንኳ አይሞላም»

ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 10 ዴሲቤል ሲጨመር ለጆሯችን ድምፁ እጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል። ከ45 ወደ 85 ማለት አራት ጊዜ እጥፍ ማለት ነው፤ 16 ጊዜ ያህል የጎላ ድምፅ። በጉልበት መጠን ከለካነው ልዩነቱ 10,000 ጊዜ ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር ማሽኖችን ለክቶ ያወጣው ሠንጠረዥ አለ። 15 ሜትር ያህል ርቆ ሲለካ ባክሆ የሚባለው የቁፋሮ ማሽን 78፣ ጄኔሬተር 81፣ አፈር የሚስብ ቫኪዩም መኪና 85፣ ጃክሃመር 89፣ የኮንክሪት መቁረጫ 90 ዴሲቤል ነው። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ይቀንሳል። ጃክሃመሩ 60 ሜትር ቢርቅ እንኳ 77 ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ ሌሊት ከቤት ውጭ እንዲኖር የመከረው አማካይ 40 ነው።

ከዚህ የምትረዱት፣ ቤት አጠገብ ሌሊት መሥራት ያለ ልዩ ፈቃድ ከሞላ ጎደል የማይቻል መሆኑን ነው። ስልካችሁ ላይ ባለ መለኪያ 70 አይታችሁ «ሕግ ጥሰዋል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ «ፈቃድ አላቸው» የሚል አጭር መልስ ይመጣና ነገሩ ይዘጋል። ስልኩ የተስተካከለ መለኪያም አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ምን ማሽን በስንት ሰዓት ምን ሲያደርግ እንደነበር ነው። አጭር ቪዲዮ ከነሰዓቱ ከቁጥር ይበልጣል።

«ሌሊት የሚሠሩት ለኩባንያው ስለሚረክስ ነው»

በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ሌሊት የሠራተኛው ክፍያ ይጨምራል፣ የመብራት ማማ ይቆማል፣ አስፋልት የሚያመርተውም ፋብሪካ ለብቻው ይከፈታል። ኮንትራክተሩ ቢመርጥ ቀን ይሠራ ነበር።

እውነተኛ ምክንያቶች አሉ። የውሃ መስመር ሲዘጋ ሰው የሚተኛበት ሰዓት ይመረጣል፤ ምግብ ቤትና ክሊኒክ ቀን ውሃ አጥተው አይሠሩም። የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ያለው ፍሰትም ከሁሉ የሚያንሰው ከንጋት በፊት ባሉት ሰዓታት ነው። በሬይኒር ጎዳና የሚመላለሰው 7 ቁጥር አውቶቡስ ደግሞ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሳበ የሚሄድ ነው። የቁፋሮ ማሽን ክንዱን ከዚያ ሽቦ ስር ሲያነሳ የሽቦው ኤሌክትሪክ መጥፋት ሊኖርበት ይችላል፤ አውቶቡሱም እንደ ሌላ መኪና በፈለገው መንገድ ዞሮ አይሄድም።

ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ብዙ ጊዜ ሌሊቱ የሚመረጠው የቀኑ ትራፊክ እንዳይዘጋ ነው፤ ትእዛዙም የሚመጣው ከመንገዱ ባለሥልጣን ነው። ይህ የአሽከርካሪውን 20 ደቂቃ አድኖ የነዋሪውን እንቅልፍ መውሰድ ነው። ልክ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ሁልጊዜ ግን ልክ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው የአመልካቹን፣ ድምፁ የሚነካውን ሰፈርና የሰፊውን ሕዝብ ጥቅም አብሮ ማመዛዘን ይጠበቅበታል። ነዋሪው ምንም ካልጻፈ ግን ሚዛኑ ላይ የሚወጣው የአመልካቹ ወረቀት ብቻ ይሆናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

«ቧንቧ ፈንድቶ ቢሆንም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል»

አያስፈልጋቸውም። የፈነዳ የውሃ መስመር፣ የሚያፈስ ጋዝ፣ የወደቀ የመብራት ሽቦ፦ እነዚህ አደጋዎች ናቸው፤ ለሕዝብ ደህንነት የሚሠራ የአደጋ ሥራ ከድምፅ ገደቡ ነፃ ነው። በዚያ ሌሊት ሠራተኞቹን መጨቃጨቅ ደግ አይደለም። ነገር ግን አደጋው ከቆመ በኋላ የሚቀረው አስፋልት የመመለስ ሥራ እንደ አደጋ የሚቀጥልበት ምክንያት የለም።

«አስፋልቱ ላይ ቀለም ከተቀባ የሌሊት ሥራ ተፈቅዷል ማለት ነው»

ቀለሙ ስለ ፈቃድ የሚናገረው ነገር የለም። በዋሽንግተን ሕግ ማንም ሰው ከመቆፈሩ ጥቂት የሥራ ቀናት ቀድሞ በ811 ማስታወቅ አለበት። ከዚያ የየመስመሩ ባለቤት ሰው ልኮ ከመሬት በታች ያለውን በቀለም ያሳያል። ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ ነው። አረንጓዴ ፍሳሽ ነው። ቀይ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት ነው። ነጩ ደግሞ ሊቆፈር የታሰበውን ቦታ ያመለክታል።

ስለዚህ ነጩን መስመር ተከተሉት። ከመኝታ ቤታችሁ መስኮት ፊት ለፊት የሚያልፍ ከሆነ ለመጠየቅ ትክክለኛው ጊዜ ያኔ ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የሚገኘው ማስተካከያ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት ግን ሰዓቱ ራሱ ሊቀየር ይችላል።

«ሕጉ የሁሉንም ሰው እንቅልፍ እኩል ይጠብቃል»

ይህ እንዲሆን እመኛለሁ። ግን አይደለም።

ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ፣ ፓርኪንግ ሲጠብቅ ወይም ነርሲንግ ሆም ውስጥ በሽተኛ ሲያገላብጥ ያደረ ሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል። በሥራ ቀናት ጃክሃመር እንዲያንኳኳ በሲያትል ሕግ የተፈቀደለት ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው። እንቅልፉና የተፈቀደው ድምፅ ገጥመው ይውላሉ። ቀን ለሚተኛ ሰው የተጻፈ ገደብ የለም። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ስንት ሰው እንዳለ ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም። ለዚህ ሰው የሚቀረው መንገድ ኮንትራክተሩን ማነጋገርና ከባዱ ሥራ በየትኛው ቀን ቤቱ ፊት እንደሚደርስ ቀድሞ ማወቅ ነው። ቀኑ ከታወቀ ዘመድ ቤት ሄዶ መተኛት ይቻላል።

ሁለተኛው ክፍተት ዞን ነው፤ ማለትም ከተማው አንዱን ቦታ ለመኖሪያ፣ ሌላውን ለንግድ ብሎ የመደበበት ክፍፍል። የሌሊቱ የ10 ዴሲቤል ቅናሽ የሚሠራው በመኖሪያ ዞን ላለ ቤት ነው። አፓርታማችሁ ከሱቅና ከምግብ ቤት በላይ፣ በንግድ ዞን ውስጥ ከሆነ መነሻ ገደቡም ከፍ ያለ ነው፣ ቅናሹም አይደርሳችሁም። ሁለት ሕፃናት አንድ ዓይነት አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንዱ ቤቱ በንግድ ዞን ውስጥ በመሆኑ ብቻ ጥበቃው ያንሳል። ይህ የሕግ አውጪዎች ሥራ ነው፤ ለከተማው ምክር ቤት አባላት መጻፍ የሚገባንም እንደ እኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ነው።

«ተከራይ ነኝ፣ እንግሊዝኛዬም አይበቃም፤ ማን ይሰማኛል?»

አቤቱታ ለማቅረብ የቤት ባለቤትነት አይጠየቅም። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀትም አይጠየቅም። አማርኛ ሲያትል በቅድሚያ ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ከተማው ጋ ደውላችሁ «አምሃሪክ» ካላችሁ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል። በራችሁ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ በአማርኛ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ለኤስዲሲአይ ስትጽፉ አጭር ይሁን። አድራሻውንና የመንገዱን መገንጠያ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የማሽኑን ዓይነት፣ መኪናው ላይ የተጻፈውን የኮንትራክተር ስም አስቀምጡ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የልዩ ፈቃዱ ቁጥር ስንት ነው? ያሉበት ግዴታዎች ምን ምን ናቸው? የሚያበቃውስ መቼ ነው? ከአንድ ሕንፃ አምስት ሰው በየራሱ ቃል ከጻፈ፣ አንድ ደብዳቤ ላይ አምስቱ ከሚፈርሙ የተሻለ ነው። አረጋዊ፣ አራስ ወይም በኦክስጅን ማሽን የሚተኛ ሰው ካለ ያንንም ጻፉ፤ ጄኔሬተሩ የት እንደሚቆም ሲወሰን ይህ ለውጥ ያመጣል።