ትንፋሽ ማጠር፣ እንቅስቃሴና ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሳንባው የታመመ ሰው ባለበት ቤት «አንተ አረፍ በል፣ እኛ እናመጣዋለን» የሚለው ቃል አይጠፋም። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ከጀርባው ያሉት አመለካከቶች ግን ሕመምተኛውን ቀስ በቀስ የአልጋ ቁራኛ ያደርጉታል።

«ትንፋሽ ካጠረ ሳንባው እየተጎዳ ነው፤ መንቀሳቀስ ያባብሰዋል።»
ብዙዎችን ከእንቅስቃሴ የሚያስቀረው ይህ ስለሆነ ሰፋ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል። ሲኦፒዲ (COPD) በሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የአየር ቧንቧዎች ስለሚጠቡ አየሩ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ይቸግራል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ የሳበውን አስወጥቶ ሳይጨርስ ሌላ ስለሚደርብበት ሳንባው አየር እየቋጠረ ይነፋል፣ ለአዲሱ ትንፋሽም ቦታ ያጥረዋል። ጉልበቱን ወይም ጠረጴዛ ተደግፎ ወደ ፊት ዘንበል የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ስሜቱ በእርግጥ ያስፈራል፤ ነገር ግን ቆም ሲል የተቋጠረው አየር ይወጣል እንጂ በመራመዱ ምክንያት ሳንባው ላይ አዲስ ጉዳት አይደርስም። ይልቁንም ትንፋሽ እንዳያጥረው ብሎ እግሩን የሰበሰበ ሰው የጭኑ ጡንቻ ይከሳል፤ የደከመ ጡንቻ በጥቂት ሥራ ብዙ ላክቲክ አሲድ ስለሚያመነጭ በታመመው ሳንባ ላይ ተጨማሪ ሥራ ይጭናል፤ ስለዚህም ገበያ ደርሶ ይመለስ የነበረው ሰው ከወራት በኋላ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል እንኳ ያለከልካል።

«ሳንባን የማያድን እንቅስቃሴ ምን ይጠቅማል?»
ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚወስድ የሳንባ ማገገሚያ ሥልጠና ከተጠናቀቀ በኋላም በትንፋሽ መለኪያው ላይ የሚታየው ቁጥር እምብዛም እንደማይለወጥ እውነት ነው። የሚለወጠው በ6 ደቂቃ ውስጥ የሚራመደው ርቀት ነው፤ 30 ሜትር ገደማ ከጨመረ ሕመምተኛው ራሱ ልዩነቱ ይሰማዋል። ያንኑ ሳንባ ይዞ ጎረቤት ቡና ጠጥቶ መመለስ እንደሚቻል በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

«ያጠረው ኦክስጅን ነው፤ ሲሊንደር ይገዛለት።»
ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ ደህና ቁጥር እያሳየ የሚያለከልክ ሰው አለ፤ ኦክስጅኑ ወርዶ ምንም የማይሰማውም አለ። ለረጅም ጊዜ በቤት የሚወሰድ ኦክስጅን የሚታዘዘው በእረፍት ላይ እያለ የደሙ ኦክስጅን መጠን በአብዛኛው 88 በመቶና ከዚያ በታች ለሚሆንበት ሰው ሲሆን፣ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት መውሰድ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የጤነኛውም ቁጥር ከቆላው ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ ውጤቱን ሐኪም ሊመዝነው ይገባል።

«ሲጋራ አላጨስኩም፤ ይህ እርጅና ነው።»
ዕድሜ ልካቸውን በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ የጋገሩ እናቶች፣ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ታክመው የዳኑ ሰዎችም ለዚህ ሕመም ይጋለጣሉ፤ ስለዚህ መመርመር አለባቸው።

«እንቅስቃሴ ማለት ሩጫ ነው።»
ሐኪም አማክሮ በሜዳማ መንገድ ላይ ጥቂት ደቂቃ በመራመድ መጀመር ይበቃል። አየሩን በአፍንጫ ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን አሞጥሙጦ፣ ለመሳብ ከወሰደው ጊዜ እጥፍ በሚሆን ጊዜ ቀስ ብሎ ማስወጣት የተቋጠረውን አየር ያስተነፍሳል። አጫጭር ዓረፍተ ነገር መናገር እስከቻለ ድረስ መጠነኛ የትንፋሽ ማጠር የሚጠበቅ ነው። ደረቱን ከወጋው፣ ካዞረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አርፎም ትንፋሹ አልመለስ ካለው ግን እንቅስቃሴውን ትቶ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።