የወሎ ስር፦ የመሬትን ቅርፊት በሞገድና በስበት ማየት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ ባቲን አልፎ ሚሌ ሲደረስ ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። ይህ ቁልቁለት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ባዛልት የተሸፈነው ደጋ ከአፋር የሚለይበት ጠርዝ ነው። ስሩን ለማወቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድና የስበት ልኬት ይጣመራሉ። ሁለቱም በጃፓንና በቺሊ አንዱ ፕሌት (ግዙፍ የመሬት ቅርፊት ክፍል) ከሌላው ስር የሚሰምጥበትን ቀጣና ለማጥናት የሚውሉ ዘዴዎች ናቸው። ወሎ ስር የሚሰምጥ ፕሌት የለም፤ እዚህ መሬቱ እየተላቀቀ ነው። ይሁን እንጂ የወሎን ስር የሚያሳዩን ሞገዶች በአብዛኛው የሚነሡት ከመስመጥና ከግጭት ቀጣናዎች ነው።

ለሥራው የሚመረጡት ከ30 እስከ 95 ዲግሪ ርቀት ላይ (አንድ ዲግሪ በመሬት ገጽ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) የደረሱና መጠናቸው ከ5.5 የሚበልጥ የመሬት ነውጦች ናቸው። ሂንዱ ኩሽ 38፣ ሱማትራ 60፣ ጃፓን 90 ዲግሪ ገደማ ስለሚርቁ ይገባሉ፤ ሰሜን ቺሊ ከ110 ስለሚያልፍ ይወጣል። በዚህ ምክንያት መረጃው ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያጋደለ ነው። ፈጣኑና ቀድሞ የሚደርሰው ፒ ሞገድ ከጥልቀት ሲወጣ ቅርፊቱና ከስሩ ያለው የአለት ንብርብር፣ ማንትሉ፣ በሚገናኙበት ወሰን፣ በሞሆ፣ ከፊሉ ወደ ዘገምተኛው ኤስ ሞገድ ይለወጣል። የሚለወጠው ግን ከመሣሪያው በታች በቀጥታ ሳይሆን ወደ ሞገዱ መምጫ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ነው። ደሴ ላይ የተተከለ ሲስሞሜትር (የመሬት ንዝረት መቅረጫ) እንግዲህ ይበልጥ የሚያየው በኮምቦልቻና በሐይቅ በኩል ያለውን ነው።

ተከላው ቀላል ይመስላል። አንድ ሜትር ያህል ይቆፈራል፣ አለቱ ላይ የሲሚንቶ ንጣፍ ይደረጋል፣ መሣሪያው በውሃ ልክ ተስተካክሎ ወደ ሰሜን ይዞራል። ችግሩ ባዛልት ኮምፓስን ያሳስታል፤ አቅጣጫውን በጂፒኤስ ከተለኩ ሁለት ራቅ ያሉ ነጥቦች መውሰድ ይሻላል። የትምህርት ቤት ወይም የጤና ኬላ ግቢ ለጥበቃ ይመቻል፣ ወፍጮ ቤት አጠገቡ ካለ ግን አይሆንም። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል፣ ደመናው ሶላሩን ያደክማል፣ ባትሪው ሲወርድ ቀረጻው ይቋረጣል። በቦርከና ሸለቆ ወይም በቆቦ ሜዳ ደለል ላይ መትከል ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሞገዱ ደለሉ ውስጥ ደጋግሞ እየተንጸባረቀ የሞሆውን ምልክት ይሸፍነዋል።

ከዚያ የሚነበበው በፒ እና በተለወጠው ኤስ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ነው። 5 ሰከንድ ከሆነ ተራ አለት ባለበት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውፍረት ማለት ነው። ቅርፊቱ ውስጥ የቀለጠ አለት ካለ ግን ኤስ በጣም ይዘገያል፤ የሁለቱ ፍጥነት ንጽጽር (የፒ ለኤስ ሲካፈል) ከ1.75 ወደ 2.0 ሲያድግ ያው 5 ሰከንድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አፋር ጠርዝ ላይ ይህን መዘንጋት ቅርፊቱን ያለ ልክ ያወፍራል። ስለዚህ ከላይ ተንጸባርቀው የሚመለሱት ዘግይተው የሚደርሱ ሞገዶች አብረው ይደመራሉ። ሌላው ወጥመድ ሞሆው ጠፍጣፋ ነው ብሎ ማስላት ነው። ቁልቁለቱ ስር ወሰኑ ያዘነብላል፤ በመሆኑም እንደ መስመጥ ቀጣና ጥናት ነውጦቹን በአቅጣጫ ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። የደጋው ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአፋር ብዙው ቦታ ወደ 25 እና ከዚያ በታች ይሳሳል።

በስበት በኩል አድካሚው ከፍታ ነው፤ የ1 ሜትር ስሕተት ንባቡን በ0.2 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ) ያዛባል። የስበት መለኪያው መሣሪያ፣ ግራቪሜትሩ፣ በኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ ንባቡ ድንገት ስለሚዘል፣ በየጥቂት ሰዓቱ ወደ መነሻ ነጥብ ተመልሶ መለካት ግድ ነው። ገደሉና ተራራው ሁለቱም ንባቡን ስለሚቀንሱ የመልክዓ ምድር እርማት በዚህ ጠርዝ ላይ ከ10 ሚሊጋል ሊያልፍ ይችላል። በልማድ የሚወሰደው የ2.67 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጥግግትም ለባዛልት ያንሳል፤ የ0.2 ልዩነት በደሴ ከፍታ 20 ሚሊጋል ያህል ያመጣል። ስበት ብቻውን ጥልቀትንና ጥግግትን አይለይም፤ ሞሆው በሞገድ ከተወሰነ በኋላ ነው የቀረው የስበት ልዩነት ለሞቃቱና ለቀላሉ የአፋር ማንትል የሚሰጠው።

የልኬት ነጥቦች መንገድ ይከተላሉ፤ የደሴ–ባቲ–ሚሌ አስፋልት ጥሩ መስመር ይሰጣል። መኪና የማይደርስበትን በሳተላይት የስበት ዳታ መሙላት ይቻላል፣ ግን እሱ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያነሰ ነገር ስለማይለይ የቦርከናን ያህል ጠባብ ሸለቆ አያሳይም።